ለዘመድ የተከፋፈለው የድምፅ ማጉያ

ብሬመን፣ የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመቲ ጂራ፣ አምቦ

በአያትሽ ቤት ያለው ሁሉ በሰላም አድሮ በሰላም ይዋል። አንቺንም እግዚአብሔር በቁመትም በአእምሮም ያሳድግሽ። እኔ ጤና ነኝ። ዳቦ ፋብሪካው ገና ሳይነጋ ያስነሳኛል፣ ብርዱም አጥንቴን ቆጥሮ ነው የሚያልፈው፤ ሌላው ተመስገን ነው።

ለገና በቴሌግራም «ሃይ ጋሽ» ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ ደብዳቤ እንደ ደብዳቤ ካልጻፍሽ አልመልስም ያልኩሽ ለቀልድ አልነበረም። በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ። የእጅ ጽሑፍ ሳይ ሰው የመጣልኝ ይመስለኛል።

አሁን የምጠይቅሽን ለማንም አትንገሪ። በየእሑዱ እደውላለሁ። አባባ ባይሳ ድሮ ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ ያነሱ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ወይ አይነሳም፣ ወይ እኅታቸው ጉዲቱ ያነሱና «ተኝቷል» ይሉኛል። አያትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ተማሪ ሲተኛ ቀሰቀሱ እንጂ ራሳቸው በቀን ሲተኙ አልታዩም።

ተቀይመውኛል? የአባባ ባለቤት፣ አያትሽ ባየሽ፣ ስታርፍ አልመጣሁም። ከጊንጪ ገጠር አምጥተው፣ ከወለዷቸው ሳይለዩ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው፤ ለቀብሯ ግን አልደረስኩም። ያልመጣሁበትንም ምክንያት በወጉ አልተናገርኩም። ቢቆጡ እውነት አላቸው። ብቻ እርግጡን ልወቅ።

የጫማ ቁጥርሽንም ጻፊልኝ።

ዘመድሽ ኤጄታ


አምቦ፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ኤጄታ፣

ሰላምታዬ ከአምቦ መናኸሪያ ተነስቶ፣ ጊንጪ ላይ ተሳፋሪ ልሙላ ብሎ ሳይገተር፣ ጎማም ሳይፈነዳበት ብሬመን ይድረስልኝ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ጋሼ፣ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፌ ጣቴ አረጀ።

አያቴ አካኮ አልተቀየሙህም። አይሰሙም።

ይሄንን ለሰው እንዳልናገር አስምለውኛል። ግን የማልኩት በአፌ ነው፤ እጄን ማንም አላስማለውም።

ከሴት አያቴ ከአኮ ባየሽ ቀብር ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የጀመራቸው። መጀመሪያ ሬዲዮኑ ደከመ አሉ። ቀጥሎ የአምቦ ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ናቸው አይደል? ጸሐፊው ስለ መጸዳጃ ቤቱ ጥገና ሲያስታውቅ «ኣሜን! ሃሌሉያ!» ብለው ብድግ አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ይቀመጡ ጀመር፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ቀርተዋል። ስልክም እንደዚያው ነው። ጆሯቸው ላይ አድርገው «እሺ፣ ተባረክ፣ እሺ» ይሉና ይዘጋሉ። አንድ ቀን አንተ መስለሃቸው የማስታወቂያ ድምፅ መርቀዋል። ያን ያህል ምርቃት አንተ ራስህ አግኝተህ አታውቅም።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ሲባሉ «ያስተማርኩት ልጅ ነጭ ለብሶ ጆሮዬን አይጎትትም» ብለው እምቢ አሉ። የቤቱ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጩኸት። እኅታቸው አዳዳ ጉዲቱ «ባይሳ!» ብለው ሲጣሩ ከማዶ ያሉ ጎረቤቶች «አቤት» ይላሉ። አካኮ ግን ዝም።

ዋናው ጭንቀቴ ይሄ ነው። የአካኮ የበኩር ልጅ፣ ጋሼ ተሬፋ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ቆርጧል። ክረምቱ ሲያልፍ በመኪና ይመጣል። «ጃጅቷል፤ ብቻውን መኖር አይችልም» ይላል። ብቻውን! እኔና አዳዳ እንግዲህ ወንበሮች ነን። አካኮ ይሄንን ቤት ሲያሠሩ ጭቃውን ራሳቸው ረግጠዋል፤ ጎመናቸውን በጠዋት ካላዩ ቁርስ አይወርድላቸውም። ጋሼ ተሬፋ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ሊያዩ ነው? እንደማይፈልጉ ፊታቸው ይናገራል። ግን የሚባለውን ያልሰማ ሰው በምን ይከራከር?

ስለዚህ ጫማው ይቅርብኝ። (ቁጥሬ 38 ነው፤ ለማወቅ ያህል።) ጆሮ ላይ የሚደረግ፣ ድምፅ የሚያተልቅ ነገር ላክልኝ።

አፏ ምሎ እጇ የካደ፣
መቲ


ብሬመን፣ መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመቲ፣

ሰላም ለቤታችሁ፣ ሰላም ለጎመኑም ይሁን።

ደብዳቤሽን ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሳቅኩ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ የማይሰማ ሰው አይቀየምም ያለው ማነው?

የመስሚያ መሣሪያ እዚህ ጆሮ ሳይመረመር አይሰጥም። እኔ ግን ሌላ ነገር አለኝ። ከሥራ መልስ ምን እንደምሠራ ነግሬሽ አላውቅም፤ የድምፅ ማጉያ እገጣጥማለሁ። ተበታትኖ በካርቶን ይመጣል፣ ቁራጩን ሁሉ እያንዳንዱን በቦታው እየበየድሽ አንድ ዕቃ ታደርጊዋለሽ። በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ የምትቀላ ብርጭቆ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቱቦ ትባላለች። የዚህም ልቡ ሁለት ቱቦዎች ናቸው። ስልክሽን በሽቦ ታገናኚዋለሽ፤ ድምፁን አጉልቶ ወደ ሄድፎን ይሰዳል። ያልከፈትኩት አንድ ነበረኝ፤ ልኬልሻለሁ። ተሠርቶ ያለቀ መላክ አቅቶኝ አይደለም። እጅሽ ሥራ ሲይዝ ምላስሽ ያርፋል ብዬ ነው።

ከቀልዱ ውጪ፣ ውስጡ ከሁለት መቶ ቮልት በላይ አለ። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ውስጡ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይመታል። የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ሳይቆም እንዳትሰኪው። ማይልኝ።

የዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሮሆቦት ለእኅቷ ሠርግ አምቦ ትመጣለች። ካርቶኑን ለእሷ ሰጥቻለሁ።

ኤጄታ


አምቦ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤጄታ፣

እንደምን ሰነበትክ? ተቀምጠህ አንብብ። ቆመህም ከሆነ አንድ ነገር ደገፍ በል።

ሮሆቦት ካርቶኑን በሰላም አደረሰች። ጥፋቱ እኔ ትምህርት ቤት መሆኔ ነው። አዳዳ ጉዲቱ ተቀበሉት፣ ከፈቱት፣ ከውጭ እንደመጣ ዕቃም በወጉ ለዘመድ አከፋፈሉት!

«የውጭ ዕቃ ለብቻ አይበላም» አሉኝ።

«አዳዳ፣ ይሄ አይበላም እኮ፤ ማሽን ነው።»

«ማሎ፣ ምን ነካሽ! አባባል ነው፤ አፍሽን ዝጊ። ኤጄታ ወግ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው በላስቲክ አድርጎ ነው የላከው።»

አየህ? በየላስቲኩ መታሸጉ ነው ጉድ የሠራን። ድልድሉ እንዲህ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ለጉደሩ ኦቦ ጃርሶ። ሽቶ ነው ተብለው ወስደዋል፤ ክዳኑ እምቢ ብሏቸዋል አሉ። ትራንስፎርመሩ ጊንጪ፣ ለእህል ነጋዴው ፍሮምሳ፤ «የከበደ ነገር ለከበደ ሰው» ተብሎ። አሁን የመጋዘኑን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ ይዟል። ሄድፎኑ ለፓስተራችን ሚስት፤ የብርድ ጆሮ መሸፈኛ ነው ተብሎ፣ ማለዳ ጸሎት ላይ አድርገውት አየሁ፤ ያምርባቸዋል። ባለ ቀለም ጥቃቅኖቹ ሬዚስተሮች የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ አቢጊያ እጅ ላይ አምባር ሆነዋል። የብረት ሳጥኑን አዳዳ ራሳቸው መድኃኒታቸውን አስቀመጡበት። መመሪያው መጽሐፍ ደግሞ «መጽሐፍ ለመምህር» ተብሎ ለአካኮ ተሰጠ።

ለእኔ ምን ደረሰኝ መሰለህ? ካርቶኑ። ከሥሩ ቁራጩ ሁሉ የሚበየድበት፣ ማንም ያልፈለገው አረንጓዴ ሰሌዳ ነበር።

እንግዲህ በዓለም ላይ ትልቁን ማጉያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከጉደር እስከ ጊንጪ የተዘረጋ ነው። የቀረው ሽቦ መሳብ ብቻ።

ጋሼ፣ የተሰጠ ነገር መልሱ ማለት ነውር ነው። ምን ላድርግ?

ባለ ካርቶኗ መቲ


ብሬመን፣ ግንቦት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመቲ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ደብዳቤሽን ለሥራ ባልደረቦቼ ላስረዳ ብዬ ስሞክር ወጉ አልገባቸውም፤ ስለ ፓስተሩ ሚስት ስነግራቸው ግን አንዱ ሊጡ ላይ ተደፋ።

ሌላ ልግዛ ብዬ ነበር፤ ያ ዓይነት አልቋል። ስለዚህ አንድ ምክር አለኝ። ያከፋፈለ እጅ ይሰብስብ። ለጉዲቱ እውነቱን ንገሪያቸው። የወንድማቸው ጉዳይ ነው። ጥፋቱንም በእኔ አድርጉት፤ «ኤጄታ ሳያስረዳ ላከ» በሉ። ለተሰጣቸው ሰዎች ምትክ የሚሆን እውነተኛ ሽቶና ሻርፕ ሮሆቦት ስትመለስ ሌላ መንገደኛ ፈልጋ ትልክልኛለች። ለፍሮምሳ ግን ከባድ ነገር አላገኘሁም፤ ድንጋይ ይፈልግ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አባባ ስለ እኔ አንድም ቀን አንስተው ያውቃሉ? አንቺ የምታስቢውን አይደለም፤ እሳቸው ያሉትን።

ኤጄታ


አምቦ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤጄታ፣

ክረምቱ እዚህ መብራቱን ከእኛ በላይ እየተጠቀመበት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢዘገይ አትቀየም። ጤናችን ሙሉ ነው። ወሬዬም ሙሉ ነው።

ለአዳዳ ነገርኳቸው። ወዲያው ነጠላቸውን አነሱና «ተነሽ» አሉኝ። ጊንጪ ሄድን፣ ጉደር ሄድን። «ምስጢር ነው» እያሉ ምስጢሩን ለሚኒባሱ ሙሉ ነገሩ፤ ረዳቱ ሳይቀር ለአካኮ ጆሮ ጸለየ። ፍሮምሳ ትራንስፎርመሩን ሲመልስ ስንቅ ብሎ ጓያ ጨመረበት። ኦቦ ጃርሶ ግን ቱቦዎቹን ከብርጭቆ ቁምሳጥናቸው ሲያወጡ አንድ ጊዜ አሸተቷቸው። «ገና አንድ ቀን እንኳ ሳልቀባው!» አሉ። ሄድፎኑና ሳጥኑም ተመለሱ፤ የአቢጊያን አምባር በአምስት ከረሜላ ለወጥኩ።

አካኮ ደግሞ ለካ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ስደረድር «ለማን ነው?» አሉኝ። ጆሯቸውን በጣቴ ነካሁ። አሁን ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አጠለቁና ገጽ አንድን ገለጡ።

ብየዳውን ያሳየኝ ሰዲቅ ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። አካኮ በመጽሐፉ ላይ በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኔ እበይዳለሁ፣ ሰዲቅ «ቀስ፣ ቀስ፣ ጣቴን አይደለም!» ይላል። አካኮ ግን ማስተማር አለቀቃቸውም። የበየድኩትን እያንዳንዷን ነጥብ በማጉያ መነጽር አይተው በቀይ እስክሪብቶ ማርክ ሰጡኝ። ከአሥር ስድስት! ሰዲቅ አንዷን ራሱ በየደና ዘጠኝ አገኘ። ሰውየው ሁለት ልጆች አሉት፤ ለደንበኞቹ ሁሉ ሲናገር ዋለ።

የሰካነው ትላንት ነው። ሰዲቅ ራቁ ብሎ ማብሪያውን ተጫነ። ሁለቱ ቱቦዎች ቀስ እያሉ እንደ ፍም ቀሉ። አልፈነዳም። ድምፄን አስቀድሜ በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። ጋሼ፣ ልማድ ክፉ ነው፤ ስቀዳውም ጮኼ ነው ለካ የቀዳሁት። «አካኮ! እኔ ነኝ! መቲ!» ሲል ከሄድፎኑ ያመለጠው ድምፅ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አዘለለ።

አካኮ ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሂን ኢዪን!» አሉ። «አትጩኺ፣ አንቺ ልጅ! ደንቆሮ አደረግሽኝ እንዴ?»

ሰዲቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ወደ መሬት።

ከዚያ ሁሉንም አዳመጡ፤ ዜናውን፣ መዝሙሩን፣ የሰዲቅን ቁርኣን እንኳ ሳይቀር። ጥርት ብሎ ይሰማኛል አሉ፤ አንዲት ቃል አልሳቱም። ይሄንን ሰዲቅ ለእኅቱ ለነዒማ ነገራት። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «ከፍ ሲል እንዲህ ጥርት ብሎ ከተሰማቸው ጆሯቸው አልሞተም፤ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል። ልያቸው» አለች። አካኮ ሊያንገራግሩ ሲሉ «አባባ፣ እኔን አላስተማሩኝም፤ እኔ የተማርኩት ወራቤ ነው» አለቻቸው። አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ይሁን» አሉ። ጠብታ ሰጥታቸዋለች፤ ከሳምንት በኋላ ታያቸዋለች።

ላቀረብከው ጥያቄ፦ ስለ አንተ ምንም አላሉም። ብቻ ካርቶኑ ላይ ስምህን አነበቡና ከእኔ ወስደው ከአልጋቸው ሥር አደረጉት። ድርሻዬ እሱ ብቻ ነበር።

መቲ፣ ከአሥር ስድስት


ብሬመን፣ ነሐሴ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለመቲ፣

ጌታ ሥራችሁን ይባርክ። ሰዲቅንም፣ ነዒማንም።

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ተሬፋ ደውሎልኝ ነበር። መስከረም 12 ቅዳሜ ሊወስዳቸው ይመጣል፤ አልጋም ገዝቷል። ክፋት የለበትም፤ ሰግቶ ነው። እኔ ግን «ተው» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ለቀብር ያልመጣ ሰው በምን አፉ ይናገራል?

ጆሯቸው እንዴት ሆነ? በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ስለ ካርቶኑ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት።

ኤጄታ


አምቦ፣ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ኤጄታ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፤ እንኳን ለዛሬም አደረሰን!

ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩልህ፤ አካኮ እንደገና አስማሉኝ። አሁን ግን እጄንም ጨምረው ነው ያስማሉኝ፤ ሰውየው ይማራሉ።

ነዒማ ጆሯቸውን አጠበችው። የወጣውን አልገልጽልህም፤ ዳቦ ትሠራለህ። ኩክ ነበር፣ ከሁለቱም። «ጥቂቱን ዕድሜ ወስዶታል፤ ሌላው ይኸው» ብላ በሳህን አሳየቻቸው። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ አካኮ መንገድ ላይ ቆሙ። ባጃጁን፣ ወፉን፣ የራሳቸውን ኮቴ አዳመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ለማንም አትናገሪ» አሉኝ። «ለምን?» ስላቸው «እስቲ ምን እንደሚሉ ልስማ» አሉ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ደንቆሮ ሆነው ሰነበቱ! አዳዳ ጉዲቱ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ለጎረቤት ስለ ወንድማቸው ኩርፊያና ኩርኩም ሲያወሩ፣ አካኮ ጎመን እየቀነጠሱ «እሺ፣ ተባረኪ» ይላሉ። እኔ ሳቅ ገድሎኝ ስንት ጊዜ ጓሮ እንደሮጥኩ።

ዛሬ ጋሼ ተሬፋ መጣ። ፓስተሩ፣ አዳዳ፣ ኦቦ ጃርሶ ተሰበሰቡ። አካኮ በመካከል። ጋሼ ተሬፋ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፤ «አይሰማም» ብሎ ሁሉን ዘረገፈው። ሐሙስ እቃው ይጫናል። ቤቱ ይከራያል። ኦቦ ጃርሶ «ያቺን ቁምሳጥን ግን ለእኔ» አሉ። አዳዳ አለቀሱ፤ ግን «እሱም ቢሆን አይረዳም፤ ልቡ ሄዷል» አሉ። አካኮ በእያንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፓስተሩ «በጸሎት እንዝጋ» ሲሉ አካኮ እጃቸውን አነሱ፤ ልክ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ።

«ከኣሜን በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ጎመን ይበቅላል?»

ጋሼ፣ ሻዩ ፈሰሰ። አዳዳ «ኢየሱስ!» ብለው ተነሱ።

«ጃርሶ፣ ቁምሳጥኑ እዚሁ ይቆያል። ጉዲቱ፣ ልቤ አልሄደም፤ ኩርፊያዬም እንዳለ ነው። አንተ ደግሞ ልጄ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ። አሁን ቀስ ብለህ አስረዳኝ፤ እየሰማሁህ ነው። ለምንድነው የምትወስደኝ?»

ጋሼ ተሬፋ አጠገባቸው ተቀመጠ። «አንድ ቀን ደውለው ሞቷል እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለ። ያን ያህል ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሳቅ አላማረኝም። አካኮ ራሱን ዳበሱት። «እንግዲያው አንተ ራስህ ደውል፤ አነሳለሁ» አሉት።

ቤቱ አይከራይም። እቃው አይጫንም። ጋሼ ተሬፋ ምሳውን በልቶ ብቻውን ተመለሰ፤ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ግን ጎመን ሞልቶታል። ማጉያው አሁን የአካኮ ነው፤ ዜና ሲሆን ሰው እንዳይረብሻቸው ሄድፎኑን አድርገው ይቀመጣሉ። ያኔ እውነትም አይሰሙም።

ነገ እሑድ ነው። ደውል። አንተ ብቻ አትፍራ።

መቲ


ብሬመን፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመቲ፣

ሰላምና በረከት በቤታችሁ ላይ ይደር፤ በእጅሽም ላይ፣ በአፍሽም ላይ።

ሳልደውል በፊት ስልኩን እጃቸው ላይ ትተሽ እንደወጣሽ ሰማሁ፤ ስለዚህ ምን እንዳወራን አታውቂም። (በሩ ሥር ካልቆምሽ።)

አባባ ሁለቴ ሳይጠራ ነው ያነሱት። ስለ ብርዱ ጠየቁኝ፣ ስለ ዳቦው ጠየቁኝ። እኔ ግን አላስቻለኝም። «አባባ፣ ስለ ባየሽ ቀብር…» ብዬ ጀመርኩ። ያዘጋጀሁት ምክንያት ሁሉ ነበረኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ የሥራ ፈቃዱ፣ ፍርሃቴ። አቋረጡኝ።

«ኤጄታ፣ ያን ቀን እኔም አንዲት ቃል አልሰማሁም» አሉኝ። «ስብከቱንም፣ መዝሙሩንም። ሰው ሲነሳ ተነሳሁ፣ ሰው ሲቀመጥ ተቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ብሬመን ነበርክ፤ እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም። በወጉ ሳንሸኛት የቀረነው ሁለታችን ነን። አንተን በምን አፌ ልቀየም? ስትመጣ ዘማሪዎቹን እጠራና አንድ ላይ ቆመን እንሰማለን።»

ከዚያ በኋላም ስልኩን አልዘጉትም። ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። እኔም እንደምሰማቸው ያውቃሉ።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ የጥርን ወር ፈቃድ ጠየቅኩ። ፈርሞልኛል።

ኤጄታ